«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት፦ መዝገብ ላይ ያልሰፈረው ዕዳ

የበዓል ዋዜማ ነው። መርካቶ በርበሬ በረንዳ አካባቢ አንድ ነጋዴ ሚዛኑን አስተካክሎ፣ ደንበኛው ደግሞ ስልኩን ጨብጦ ፊት ለፊት ቆመዋል። ገንዘቡ ከደንበኛው ሂሳብ ወጥቷል፤ ነጋዴው ሂሳብ ውስጥ ግን አልገባም። ደንበኛው የወጪውን መልእክት ያሳያል፤ ነጋዴው የገቢውን መልእክት ይጠብቃል። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ይጀምራል። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ ያልፋል። በመጨረሻም ሁላችንም የለመድናት አጭር ቃል ትመጣለች፤ «ሲስተም የለም»።

ይህች ቃል ስትነገር የነጋዴው ቁጣ ባንኩ ላይ፣ ቴሌ ላይ፣ አለዚያም በስም በማያውቀው ኩባንያ ላይ ነው። በዚያ በማያውቀው ኩባንያ ውስጥ በዚያችው ሰዓት ላፕቶፑን ከፍቶ የተበላሸውን ነገር የሚፈልግ አንድ ወጣት አለ። ምናልባት ሌሊቱን አልተኛም፤ ምናልባትም ሳምንቱን በሙሉ በቅጡ አልተኛም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ሰው ነው። አንባቢ «ይህ የጤና ገጽ ወሬ እንጂ የገበያ ገጽ ወሬ አይደለም» ብሎ እንዳያልፈን እንጠይቃለን። የዚህ ሰው ድካም በስተመጨረሻ የሚከፈለው ከነጋዴው ካዝናና ከባለሀብቱ ኪስ ነውና።

ስልኩ ትራስ ሥር ነው

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ጋዜጠኛ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከተዋወቃቸው ጓደኞቹ አንዱ የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። ስሙም ሆነ የሚሠራበት ኩባንያ እንዳይነሳ አደራ ስላለን አናነሳም። ድርጅቱ አሥራ አንድ ሠራተኞች ያሉት፣ በሱቆችና በባንኮች መካከል ክፍያ የሚያመላልስ ጀማሪ ኩባንያ ነው። ሲስተሙን ከመሠረቱ የሚያውቁት እሱና አንድ ባልደረባው ብቻ ነበሩ። ባልደረባው ቤቱ ተቀምጦ ለውጭ አገር ኩባንያ በዶላር የሚሠራበት ዕድል ሲያገኝ ለቀቀ። «በቅርቡ ምትክ ይቀጠራል» ተባለ። ይህ ከተባለ ሰባት ወር አልፎታል።

ከዚያ ወዲህ ጓደኛችን በየሌሊቱ ተረኛ ነው። ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ ይተኛል። ሲጠራ ይነሳል፤ ሳይጠራም ይነሳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በራሱ ባንኖ ስልኩን አውጥቶ ያያል፤ ምንም የለም፤ ይሁን እንጂ እንቅልፉ አይመለስም። ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ እናቱ ጾሙን ሲፈቱ እሱ ጓዳ ውስጥ ከኮምፒውተሩ ጋር ነበር። እድር በተከታታይ ባለመገኘቱ ተቀጥቷል። የሠፈር ሰው «ልጁ ውጭ ሄደ እንዴ?» እያለ እናቱን ይጠይቃል። ይህን ሁሉ እየሳቀ ነው የሚያወራው። ሆኖም ሳቁ ውስጥ ቀድሞ ያልነበረ አንድ ነገር አለ። በሥራው ይኩራራ የነበረው ሰው ዛሬ ስለ ኩባንያው ሲጠየቅ «እኔ ምን አገባኝ» ይላል።

ሐኪም ባንሆንም ይህ ሁኔታ በዓለም አቀፍ ደረጃ ስም እንደተሰጠው እናውቃለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ ላይ፣ መፍትሔ ባላገኘ የሥራ ጫና ምክንያት የሚመጣ መዛል ራሱን ችሎ ሰፍሯል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ጉልበት ማለቅ፤ ሁለተኛው ከሥራው በመንፈስ መራቅ ወይም በሥራው ላይ መማረር፤ ሦስተኛው የሥራ ውጤታማነት መቀነስ ነው። ድርጅቱ ይህን በሽታ ብሎ አልመደበውም። ከሥራ ቦታ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ያለው። ይህ አነጋገር ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ የችግሩ አድራሻ የሠራተኛው ጭንቅላት ብቻ ሳይሆን የሥራው ቦታ ጭምር መሆኑን ያመለክታልና።

«እኛስ አልሠራንም ወይ?»

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚያነሳውን ጥያቄ እናውቃለን። «እኔ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሱቄን ከፍቼ የምዘጋው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ቁልፍ የሚነካካ ልጅ እንዴት ደከመኝ ይላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው።

ሮበርት ካራሴክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካና በስዊድን ሠራተኞች መረጃ ላይ ተመሥርቶ ያቀረበው ጥናት በዚህ መስክ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውን የሚያዝለው የሥራው ብዛት ለብቻው አይደለም። ከባድ ሥራ በሥራው ላይ ከመወሰን ሥልጣን ማጣት ጋር ሲገናኝ ነው ጉዳቱ የሚከፋው። ሥራው ቢበዛም ሰውየው የመወሰን ሥልጣን ካለው ጫናውን ይችለዋል፤ እንዲያውም ይማርበታል።

ነጋዴው በቀን አሥራ አራት ሰዓት ይሠራል። ነገር ግን ዋጋውን የሚቆርጠው ራሱ ነው። ዱቤ የሚሰጠውን ይመርጣል፤ የሚጨቀጭቀውን ደንበኛ ያሰናብታል፤ ልቅሶ ካለበት ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል። ትርፉም የራሱ ነው። የጀማሪ ኩባንያው ተረኛ ግን መቼ እንደሚጠራ አያውቅም። አዲሱ የመተግበሪያው ሥሪት ከበዓል በፊት ይውጣ ወይስ በኋላ የሚለውን የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ችግሩ ሲፈጠር የሚጠየቀው ግን እሱ ነው። ሁለቱም እኩል ሰዓት ቢሠሩ እንኳ የተሸከሙት ሸክም አንድ ዓይነት አይደለም።

በዚህ ላይ የዋጋ ጉዳይ ይጨመራል። በጀርመን አገር ያስተማረው የሕክምና ሶሲዮሎጂ ምሁር ዮሐንስ ዚግሪስት እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳመለከተው፣ ሰው ብዙ ደክሞ የሚያገኘው ዋጋ ከድካሙ ጋር ካልተመጣጠነ ጤናው ይጎዳል። ዋጋ ሲባል ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ክብርና የሥራ ዋስትናም ጭምር ነው። በጀማሪ ኩባንያ ደግሞ የዋጋው ትልቁ ክፍል ብዙ ጊዜ በቃል ነው የሚከፈለው። «ኩባንያው ሲያድግ ድርሻ ይኖርሃል» ይባላል። በወረቀት ያልሰፈረ ድርሻ ገበያ ላይ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

የእኛ አገር ጫና

ጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያ በየትኛውም አገር አስጨናቂ ነው። የእኛ አገሩ ግን የራሱ የሆኑ ተጨማሪ ጫናዎች አሉበት።

የክፍያ ቴክኖሎጂውን ዘርፍ እንመልከት። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶች ፈቃድ አውጥተው በኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ሥራ እንዲሰማሩ የሚያስችል መመሪያ አወጣ። በግንቦት 2013 ዓ.ም ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም ደግሞ ኤምፔሳ ተከተለ። በዙሪያቸው የክፍያ፣ የታክሲ ጥሪ፣ የዕቃ ማድረስና የብድር መተግበሪያ የሚሠሩ ትንንሽ ድርጅቶች በቀሉ። ገበያው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከጥሬ ገንዘብ ወደ ስልክ ዞረ። ሲስተሙን የሚጠብቀው ሰው ቁጥር ግን በዚያው ፍጥነት አላደገም።

ሁለተኛው ጫና ሠራተኛው ጨርሶ የማያዝዝበት ነገር ነው። በሰኔ 2011 ዓ.ም በአገር አቀፍ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም፣ የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ፣ እንደገና በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነበር። ሥራው በሙሉ ኢንተርኔት ላይ የቆመ ኩባንያ ለሦስት ሳምንት ሲዘጋ ገቢው ዜሮ ነው፤ የቤት ኪራይና ደመወዝ ግን አይቆምም። ሠራተኛው የወሩ መጨረሻ ሲደርስ የሚያስበውን መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። ብዙዎቹ ድርጅቶች ሥራቸውን የሚያስቀምጡት በውጭ አገር በተከራዩት ሰርቨር ላይ ሲሆን ኪራዩ በዶላር ነው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ በባንኮች ዘንድ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ ብር ተሻገረ። የአስመጪዎቻችን መከራ ምን እንደነበረ ይታወሳል። የሶፍትዌር ኩባንያው መከራ ግን ድርብ ነበር። የሰርቨር ኪራዩ በብር ሲመነዘር አሻቀበ፤ በዶላር ከሚከፍሉ የውጭ ቀጣሪዎች ጋር ሲወዳደር ደግሞ የሚከፍለው ደመወዝ አነሰ። ባለሙያው ይለቃል፤ የቀረው የለቀቀውን ሥራ ደርቦ ይሸከማል።

አራተኛው የካፒታል ጉዳይ ነው። ጀማሪ ኩባንያ ከትርፍ ሳይሆን ከባለሀብት በሚያገኘው ገንዘብ ነው ደመወዝ የሚከፍለው። በአፍሪካ የጀማሪ ኩባንያዎችን ኢንቨስትመንት በየዓመቱ የሚከታተለው ፓርቴክ እንዳወጣው አኃዝ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም 6.5 ቢሊዮን ዶላር የነበረው ገንዘብ በ2023 ወደ 3.5 ቢሊዮን ወርዷል። አኃዙ ለኢኮኖሚስት አኃዝ ነው። ለሠራተኛው ግን «የዚህ ወር ደመወዝ በ30 ይገባል ወይስ በ15?» የሚል ጥያቄ ነው። መስከረም ላይ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት ሰው ይህን ጥያቄ ይዞ እንዴት ይተኛል?

የድካም ሂሳብ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ።

ዶውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባቀረቡት ጥናት፣ ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የሥራ ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመጣጠን አሳይተዋል። ሃያ አራት ሰዓት ሲሞላው ደግሞ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። በብዙ አገሮች በዚህ መጠን መኪና መንዳት ያስቀጣል። ማንም ነጋዴ ሞቅ ያለውን ሰው ካዝና አያስቆጥርም። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያደረ ልጅ የሺህ ነጋዴዎች ገንዘብ በሚያልፍበት ሲስተም ላይ እጁን እንዲያስገባ ሲታዘዝ ግን «ጎበዝ ሠራተኛ» ይባላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት ለዚህ ሰው የተተረተ ይመስላል።

በሲስተም ላይ የሚደረግ አንዲት ትንሽ ስህተት ምን ያህል ልታስከፍል እንደምትችል አገራችን አይታዋለች። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም ለ7 አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ እንደገለጸው በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ከ490 ሺህ በላይ ግብይቶች የተካሄዱ ሲሆን ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከመደበኛ የሲስተም ጥገናና ፍተሻ ጋር የተያያዘ እንደነበርም ባንኩ አስታውቋል፤ ቆይቶም አብዛኛውን ገንዘብ አስመልሷል። የችግሩ መንስኤ የሠራተኛ ድካም ነበር አላልንም፤ እንዲህ የሚል ማስረጃም የለንም። ልናሳይ የፈለግነው በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የአንድ ሌሊት ስህተት ዋጋ ምን ያህል መሆኑን ነው። ትልቅ ባንክ እንዲህ ያለውን ሌሊት ተቋቁሞ ያልፋል። አሥራ አንድ ሠራተኛ ያለው ኩባንያ ግን በማግስቱ በሩን ላይከፍት ይችላል።

ስህተት ባይፈጠር እንኳ ሠራተኛው ሲለቅ ያለውን ኪሳራ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። ሦስት የሶፍትዌር ባለሙያዎች ያሉት ኩባንያ ለእያንዳንዳቸው በወር 60,000 ብር ይከፍላል እንበል። በሕጉ መሠረት በሳምንት 48 ሰዓት ሲሠራ በወር 208 ሰዓት ይሆናል። አንዱ ለቀቀና ምትክ እስኪገኝ ሁለት ወር አለፈ። ክፍት የሆነው ሥራ 416 ሰዓት ነው። የቀሩት ሁለት ሰዎች ሕግ በሚፈቅደው የትርፍ ሰዓት ጣሪያ፣ ማለትም በሳምንት 12 ሰዓት፣ ቢሸፍኑት ሁለቱ ተደምረው መሥራት የሚችሉት 208 ሰዓት ብቻ ነው። ልክ ግማሹን ማለት ነው።

መዝገቡ ላይ ምን ይታያል? የለቀቀው ሰው የሁለት ወር ደመወዝ 120,000 ብር ተርፏል። ለቀሩት በአንድ ተኩል ሂሳብ የተከፈለው የትርፍ ሰዓት 90,000 ብር ነው። ስለዚህ ሂሳብ ሠራተኛዋ «30,000 ብር ተርፎናል» ትላለች። ትክክል ነች። ያልተሠራው 208 ሰዓት ግን በየትኛውም መዝገብ የለም፤ በደመወዝ ሲተመን ብቻ 60,000 ብር ነው። አዲሱ ሰው ሲቀጠር ደግሞ ሲስተሙን እስኪለምድ ለሦስት ወር ግማሽ ሥራ ብቻ ቢሠራ ሌላ 90,000 ብር ያለ ውጤት ይወጣል። ተረፈ የተባለውን 30,000 ብር ቀንሰን እንኳ ኪሳራው 120,000 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ ለሦስቱም ባለሙያዎች በየወሩ 5,000 ብር የተረኝነት አበል ለስምንት ወር መክፈል ይቻል ነበር። ሁለቱ የቀሩት ሰዎች ሕጉ ከሚፈቅደው በላይ ሠርተው ክፍተቱን ከሸፈኑ ደግሞ ኪሳራው አልጠፋም፤ ወደ ሰውነታቸው ተዛወረ እንጂ። ቀጥሎ የሚለቀው ከእነሱ አንዱ ነው።

ይህ በዓለም ደረጃ ሲደመር ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ግምት በድብርትና በጭንቀት ምክንያት በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀናት ይባክናሉ፤ ኪሳራውም አንድ ትሪሊዮን ዶላር ይጠጋል። ሁለቱ ድርጅቶች ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ባወጡት ጥናት ደግሞ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በስትሮክ የመያዝ አደጋቸው በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት አደጋቸውም በ17 በመቶ እንደሚጨምር አመልክተዋል። ይህኛው ቁጥር ነጋዴውንም ይመለከታል።

ጽናት ከየት ይገዛል?

በዚህ ጊዜ አንዳንድ የኩባንያ ኃላፊዎች «መፍትሔው ጠንካራ ሰው መቅጠር ነው» ይላሉ። የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ «ጫናን ተቋቁሞ መሥራት የሚችል» የሚለው መስፈርት የማይቀር ሆኗል። ጽናት ያለው ሰው ከገበያ ተገዝቶ የሚመጣ ይመስል።

ስለ መንፈስ ጽናት ከተደረጉት ጥናቶች ሁሉ ረጅሙንና ታዋቂውን እንጥቀስ። ኤሚ ቨርነር የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና፣ እ.ኤ.አ. በ1955 በሃዋይ ካዋይ ደሴት የተወለዱትን 698 ሕፃናት ለአሥርት ዓመታት ተከታትላለች። ከመካከላቸው በድህነትና በቤተሰብ ችግር ውስጥ ካደጉት አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ችግሩን ተቋቁመው ብቁ ሰዎች ሆኑ። እነዚህን ከሌሎቹ የለያቸው የራሳቸው ጠባይ ብቻ አልነበረም። በቤተሰብ ወይም በአካባቢያቸው ቢያንስ አንድ የማይከዳቸው፣ የሚደገፉበት ሰው ነበራቸው።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም። እድር ማለት ይኸው አይደለም ወይ? ለእድር የሚከፈለው ሞት ሲመጣ ሳይሆን ሁሉም ደህና በሆነበት ወር ነው። ድንኳኑም ወንበሩም ቀድሞ ተገዝቶ ይቀመጣል። የመከራው ቀን ሲመጣ ሰው «ጠንካራ ሁን» ተብሎ ብቻውን አይተውም፤ ጎረቤት መጥቶ አብሮት ያድራል። እቁቡም፣ ማኅበሩም፣ የጎረቤት ቡናውም ሥራቸው ይህ ነው። የጓደኛችን ነገር የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው። ሥራው ጉልበቱን ሲወስድበት ጉልበቱን ከሚመልሱለት ነገሮች ሁሉ ነጥሎታል። ከእድሩ ተቀጥቷል፤ ከፋሲካው ማዕድ ቀርቷል፤ ሠፈሩም ውጭ የሄደ መስሎታል። እንዲህ ካደረጉት በኋላ ጽናት የለውም ብሎ መውቀስ በሬውን ሳያበሉ ጠምዶ ሰነፈ እንደ ማለት ነው።

በርግጥ የሰው ጠባይ ይለያያል። አንዱ በቶሎ ይረበሻል፤ ሌላው ቀስ ብሎ ነው። ስፖርትም፣ ጸሎትም፣ በቂ እንቅልፍም ይረዳሉ። የኩባንያ ኃላፊ ሠራተኞቹን ስለ ጭንቀት አያያዝ ሥልጠና ቢልክም አይጠላም። ነገር ግን ሰኞ ከሥልጠና ተመልሶ ሰኞ ሌሊቱን ብቻውን ተረኛ የሚሆን ሰው ከሥልጠናው የሚያተርፈው የምስክር ወረቀቱን ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ጀማሪ ኩባንያዎች «እኛ እንደ ቤተሰብ ነን» ስለሚሉ የሥራ ሕግ የሚመለከታቸው አይመስላቸውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ለቤተሰብ ነን ባይ የተለየ አንቀጽ አላወጣም። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀናት ነው። የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ እያገኘ፣ ቀሪዎቹን ሦስት ወራት ደግሞ ያለ ክፍያ የሕመም ፈቃድ ያገኛል።

አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። አንዳንድ ኩባንያ ለሃያ አምስት ዓመት ወጣት «የቴክኒክ ኃላፊ» የሚል ማዕረግ የሚሰጠው ለክብሩ ይሁን ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ለማምለጥ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። ለባለሀብቱ ግን ይህ የሕግ ትምህርት ብቻ አይደለም። ሳይከፈል የተጠራቀመ የትርፍ ሰዓት አንድ ቀን በፍርድ ቤት በኩል ሊመጣ የሚችል ዕዳ ነው።

ገንዘብ ከማስገባትዎ በፊት

በጥር 2017 ዓ.ም የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል። ወደፊት የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችም ለሕዝብ አክሲዮን ይዘው መምጣታቸው አይቀርም። እስከዚያም ቢሆን ብዙ ነጋዴዎች በግል ስምምነት በእነዚህ ድርጅቶች ውስጥ ገንዘባቸውን እያስገቡ ነው። የደንበኞችን ቁጥርና የገቢውን ዕድገት የሚያሳይ ያማረ ሰነድ ይቀርብላቸዋል። ሰነዱ ላይ የማይገኙትን ጥያቄዎች ግን ራሳቸው ቢጠይቁ ይበጃቸዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሲስተሙ ቢበላሽ ስልክ የሚያነሳው ማነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ እሱ ቢታመም ቀጥሎ የሚያነሳውስ ማነው? መልሱ በሁለቱም ጥያቄ አንድ ሰው ከሆነ ገንዘብዎን የሚያስገቡት በኩባንያ ሳይሆን በአንድ ሰው እንቅልፍ ላይ ነው። ሦስተኛው፣ ባለፈው ዓመት ስንት ባለሙያ ለቀቀ፣ ምትክ ለማግኘትስ ስንት ወር ፈጀ? አራተኛው፣ ደመወዝ የዘገየባቸው ወራት ነበሩ ወይ? አምስተኛው፣ ሠራተኛው ባለፈው ዓመት የዓመት ፈቃዱን ወስዷል ወይስ «ሥራ በዝቷል» ተብሎ ተላልፏል? ስድስተኛው፣ በበዓል ዋዜማ አዲስ ሥሪት እንዳይለቀቅ የሚከለክል ደንብ አላቸው ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች በአሥር ደቂቃ መልስ የሚሰጥ ኃላፊ ቤቱን ያውቃል ማለት ነው። «ልጆቻችን ሥራቸውን ስለሚወዱ ሰዓት አይቆጥሩም» የሚል መልስ ካገኙ ግን ሰዓቱን እርስዎ መቁጠር ይጀምሩ።

ለኩባንያዎቹም አንድ ቃል እንጨምር። እነዚህ ነገሮች ብዙ ገንዘብ አይፈልጉም። ተረኝነት በሳምንት ቢከፋፈል፣ ሌሊት የሠራ ሰው በማግስቱ ረፋዱ ላይ ቢገባ፣ ደመወዝ የሚዘገይ ከሆነ ቀድሞ በግልጽ ቢነገር፣ ሥሪቱ መቼ ይውጣ በሚለው ላይ የሚጠብቀው ሰው ድምፅ ቢኖረው፣ ግማሹ ችግር ይቃለላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አበው። ሳይታጠቁ የተነሱ ድርጅቶች ቆም ብለው ለመታጠቅ አሁንም አልረፈደባቸውም።

ጓደኛችን ሰሞኑን አንድ ነገር ጀምሯል። በሲስተሙ ውስጥ የሚያውቀውን ሁሉ፣ የትኛው ክፍል ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ፣ ከየትኛው ባንክ ለማን እንደሚደወል፣ በአንድ ወፍራም ደብተር በአማርኛ እየጻፈ ነው። ሌላ ሰው ሲቀጠር በሳምንት ውስጥ ሊረዳው እንዲችል ነው ይላል። አለቃው ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ባየ ጊዜ ደነገጠ፤ ሊለቅ ነው ብሎ ጠረጠረ። ጓደኛችን የመለሰለት ልለቅ ሳይሆን ልተኛ ነው ብሎ ነው። ምትክ ሰው እስካሁን አልተቀጠረም። ደብተሩ ሊያልቅ ጥቂት ገጽ ቀርቶታል።